ጆጊንደር ሲንግ፤ የናይሮቢው መካኒክ

የሰው ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው በጦር ሜዳ ጀግንነት ወይም በከፍተኛ ሥልጣን ብቻ አይደለም። እጁ በዘይት ርሶ፣ ልብሱ በቅባት ቆሽሾ፣ ከመኪና ሥር ተኝቶ የሚውል ሠራተኛም ሙያውን አጥብቆ ከያዘ አገር የሚያውቀውና ትውልድ የሚያስታውሰው ሰው ለመሆን ይችላል። በጎረቤት አገር በኬንያ ይኖር የነበረው የጆጊንደር ሲንግ የሕይወት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጆጊንደር ሲንግ የተወለደው ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1932 በምዕራብ ኬንያ፣ በሻይ ተክል በታወቀችው በኬሪቾ ከተማ ነው። አባቱ ባታን ሲንግ በሕንድ አገር ፑንጃብ ከሚባለው ክፍል ተነሥተው ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡ የሲክ ሃይማኖት ተከታይ ነበሩ። የፑንጃብ ሰዎች ወደ ኬንያ በብዛት መምጣት የጀመሩት እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደብ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርሰውን የምድር ባቡር ሐዲድ ባሠሩበት ጊዜ ነው። ከ1896 እስከ 1901 በቆየው በዚህ ሥራ ከሕንድ የመጡ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ተካፍለዋል። የናይሮቢ ከተማ ራሷ በ1899 የተቆረቆረችው የባቡሩ ዕቃ ማከማቻና የሠራተኞች ማረፊያ ሆና ነው። ሐዲዱ ካለቀ በኋላም አንጥረኛው፣ አናጢው፣ ግንበኛውና መካኒኩ በየከተማው ሱቅና ጋራዥ ከፍተው ቀሩ። ጆጊንደርም የተወለደው ከእነዚህ ባለ እጅ ሰዎች መካከል ነው።

በዚያን ዘመን ኬንያ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች የሰው ኑሮ የሚወሰነው በቆዳው ቀለም ነበር። ለነጮች፣ ለእስያውያንና ለአፍሪካውያን ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉና የመኖሪያ ሠፈሩ የተለያየ ነበር። ከሁሉ የበለጠው ለነጩ ሲሰጥ የመጨረሻው ለአገሩ ተወላጅ ይተርፍ ነበር። የሕንድ ተወላጅም ለነጭ ገበሬዎች በተከለለው ደጋማ አገር መሬት እንዲኖረው አይፈቀድለትም፤ ወደ ከፍተኛው የመንግሥት ሥራም መንገዱ ዝግ ነበር። ከዚህ የተነሣ እንደ ጆጊንደር ላለው ወጣት የቀረው መንገድ ንግድ ወይም የእጅ ሙያ ነበር። እርሱም በናይሮቢ አዳሪ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ወደ አባቱ ጋራዥ ገብቶ የመካኒክነትን ሥራ ከታች ጀመረ።

የጋራዥ ሙያ በብዙ አገሮች፣ ይልቁንም በቀድሞው ዘመን፣ እንደ ክብር ሥራ አይቆጠርም ነበር። ኪያቬ ማቀበል፣ የተፈታ ዕቃ በነዳጅ ማጠብ፣ ቡሎን መፍታትና ማጥበቅ ተምሮ ለሚያድግ ልጅ የማይገባ መስሎ ይታይ ነበር። ነገር ግን ሥራውን በትኩረት ለሚከታተል ሰው ጋራዥ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ጥሩ መካኒክ ሞተሩን ሳይከፍት በድምፁ ብቻ በሽታውን ይለያል፤ የካንዴላውን ቀለም አይቶ ነዳጁ መብዛቱን ወይም ማነሱን ያውቃል፤ የተሰበረውን ዕቃ በእጁ ይዞ ለምን እንደ ተሰበረ ይመረምራል። ጆጊንደር ሲንግ በወጣትነቱ የገበየው ዕውቀት ይህን የመሰለው ነው።

በ1958 የንጉሣዊው የምሥራቅ አፍሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የመጀመሪያ የመንገድ ላይ ተቆጣጣሪ አድርጎ ቀጠረው። ሥራውም በየመንገዱ እየተዘዋወረ መኪና የተበላሸባቸውን መንገደኞች መርዳት ነበር። በጋራዥ ውስጥ መካኒኩ ሙሉ መሣሪያና የዕቃ መለዋወጫ አለው፤ በመንገድ ላይ ግን ያለው በእጁ የያዘው ብቻ ነው። በተሰነጠቀ ራዲያተር፣ በተቆረጠ ቺንጋ፣ በተደፈነ የነዳጅ ፖምፓ ፊት ቆሞ ባለው ነገር መላ መምታት ይኖርበታል። ከዚህም ሌላ የኬንያ መንገድ በየትኛው ቦታ የትኛውን የመኪና ክፍል እንደሚሰብር ከዚህ ሥራ የተሻለ የሚያስተምር አልነበረም።

ጆጊንደር በመኪና እሽቅድምድም መካፈል የጀመረው በዚያው ጊዜ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆነው ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ከሁሉ የበለጠው ውድድር ሳፋሪ የሚባለው ነበር። ሳፋሪ በስዋሂሊ ቋንቋ ጉዞ ማለት ነው። ውድድሩ የተጀመረው በ1953 የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ዘውድ የጫኑበትን በዓል ለማክበር ሲሆን፣ በኋላ በፋሲካ ሰሞን የሚደረግ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገዱ ኬንያን፣ ኡጋንዳንና በዚያን ጊዜ ታንጋኒካ ትባል የነበረችውን አገር የሚያዳርስ ሆኖ ርዝመቱ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ቀንና ሌሊት እየነዱ በበረሃው አቧራ፣ በደጋው ጭጋግ፣ በዝናቡ ወራት ጭቃ ውስጥ ያልፋሉ። መንገዱ ለሌላ ተጓዥ ስለማይዘጋ ከጭነት መኪናና ከከብት መንጋ ጋር ይጋፋሉ፤ በሌሊትም የሜዳ አህያና ቀጭኔ ድንገት ከፊታቸው ይደቀናል።

ሳፋሪን ከሌሎች ውድድሮች የሚለየው አንድ ነገር ነበር። ውድድሩ የተመሠረተው ሰው ከሱቅ ገዝቶ በየቀኑ በሚነዳቸው መኪናዎች ነው። እንዲያውም በመጀመሪያው ዘመን መኪናዎቹ በምድብ የሚከፈሉት በሞተራቸው መጠን ሳይሆን በመሸጫ ዋጋቸው ነበር። ስለዚህ የድሉ ምንጭ ከፋብሪካ የወጣችውን ተራ መኪና ለዚያ ሁሉ መከራ እንድትበቃ አድርጎ በማዘጋጀት ላይ ነበር። ይህ ደግሞ የመካኒክ ሥራ ነው።

ለሳፋሪ የምትዘጋጅ መኪና በመጀመሪያ ተፈትታ ትመረመራለች። ሞተሩ ወርዶ ኩሽኔታውና የፒስተን ፋሻው ይታያል፤ ካምቢዮው ተከፍቶ የማርሾቹ ጥርስ ይፈተሻል። ከሞተሩ ሥር ድንጋይ የሚመክት ወፍራም ብረት ይታሰራል። ሞላዎቹና አሞርዛተሮቹ የበለጠ ጠንካሮች በሆኑ ይለወጣሉ። የነዳጅና የፍሬን ቧንቧዎች ድንጋይ በማያገኛቸው ሥፍራ እንዲያልፉ ይደረጋል፤ የአየር ማጣሪያው አቧራ እንዳያሳልፍ ይታሸጋል። የሞተሩ ጉልበት የሚጨመረው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው። ምክንያቱም ጉልበት የተጨመረበት ሞተር ያልጠነከረ ካምቢዮ፣ ያልጠነከረ ፍሪሲዮንና ያልጠነከረ ፍሬን ካገኘ ባለቤቱን በመንገድ ላይ ከማስቀረት በቀር ሌላ ጥቅም የለውም።

ጆጊንደር ሲንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳፋሪ የተካፈለው በ1959 ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ከመነሻው መሥመር አልታጣም። አውሮፓውያን ፋብሪካዎች የታወቁ አሽከርካሪዎችን፣ የሠለጠኑ መካኒኮችንና ብዙ የመለዋወጫ ዕቃ እያስጫኑ ወደ ናይሮቢ መላክ በጀመሩበት ጊዜም እርሱ በቤተሰቡ ጉልበት እየታገዘ መኪናውን በገዛ እጁ ያዘጋጅ ነበር። ራሱን በጥምጣም ጠቅልሎ፣ ጢሙን አሳድጎ ከመሪው ኋላ የሚቀመጠውን ይህን ሰው ሕዝቡ በረራው ሲክ የሚል ቅጽል ስም አወጣለት።

ስሙ ከኬንያ አልፎ በዓለም የተሰማው በ1965 ነው። በዚያ ዓመት ከወንድሙ ከጃስዋንት ሲንግ ጋር ሆኖ ፒቪ 544 የምትባል የቮልቮ መኪና ይዞ ቀረበ። መኪናይቱ አዲስ አልነበረችም። ቀደም ሲል ለቮልቮ ፋብሪካ ቡድን በውድድር ያገለገለችና ከቡድኑ እጅ የወጣች ነበረች። የሞተሯ መጠን 1.8 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ ጀርባዋ የጎበጠው ቅርጿም በዚያን ጊዜ አርጅቷል ይባል ነበር። እንዲያውም ፋብሪካው ይህን ዓይነት መኪና መሥራት ያቆመው በዚያው በ1965 ነው። ወንድማማቾቹ ግን ያረጀውን እየለወጡ፣ የላላውን እያጠበቁ አዘጋጇት። በመኪናይቱ በር ላይ የተለጠፈው ቁጥር 1 ነበር። ከሁሉ ቀድመው ተነሡ፤ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ከተከታያቸው ጋር የነበራቸው ልዩነትም ሰፊ ነበር።

የዚህ ድል ትርጉም ከዋንጫው ይበልጣል። ኬንያ ነጻነቷን ያገኘችው ዲሴምበር 12 ቀን 1963 ስለሆነ አገሪቱ ነጻ ከወጣች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። እስከዚያ ድረስ ሳፋሪን ያሸነፉት አሽከርካሪዎች ሁሉ የአውሮፓውያን ዘር ነበሩ። በዘር በተከፋፈለ ኅብረተሰብ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ተቆጥሮ ያደገው የጋራዥ ልጅ በአሮጌ መኪና የታላላቅ ፋብሪካዎችን ቡድኖች አሸነፈ። የቅኝ አገዛዙ ሥርዐት ለሰው የሚሰጠው ደረጃና ሰው በእውነት ያለው ችሎታ አንድ እንዳልሆኑ በሺህ የሚቆጠሩ ተመልካቾች በዓይናቸው አዩ።

ከዚያ በኋላ ዓመታቱ ሁልጊዜ የድል አልነበሩም። ሳፋሪ ማንንም የማያከብር ውድድር ነው። በ1968 ዝናቡ መንገዱን ወደ ረግረግ ስለለወጠው እስከ መጨረሻው የደረሱት መኪናዎች ሰባት ብቻ ነበሩ። ጆጊንደር ሲንግም ከሰባቱ አንዱ ነበር። በሌላው ዓመት ደግሞ ሌሎች ይቀድሙታል፤ እርሱ ግን ወደ ጋራዡ ተመልሶ ለሚቀጥለው ፋሲካ ይዘጋጃል።

በ1974 የጃፓኑ የሚትሱቢሺ ፋብሪካ ኮልት ላንሰር የምትባለውን አነስተኛ መኪና ሰጠው። ላንሰር በገበያ ላይ ከዋለች ገና አንድ ዓመቷ ነበር፤ የሞተሯ መጠንም 1.6 ሊትር ነበር። ረዳቱ ዴቪድ ዶይግ ነበር። በዚያ ዓመት ከባድ ዝናብ ዘንቦ ወንዞች ሞሉ፤ ብዙ መኪናዎች በጭቃ ተይዘው ቀሩ። ጆጊንደር ግን በዝግታ የሚያልፍበትንና በፍጥነት የሚሄድበትን ለይቶ በማወቁ፣ እጅግ የሚበልጥ ሞተር ባለው ፖርሽ ይወዳደር የነበረውን ስዊድናዊውን ብዮርን ቫልደጎርድን አስከትሎ አንደኛ ወጣ። በ1976 ከዚሁ ረዳቱ ጋር በዚያችው ዓይነት መኪና ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈ። በዚያ ዓመት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሦስቱም ላንሰሮች ነበሩ። ሳፋሪን ሦስት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ጆጊንደር ይወዳደር በነበረበት ዘመን በሳፋሪ መንገድ ላይ ሞተርን የሚያደክም አንድ የማይታይ ጠላት ነበር፤ ይኸውም የአየሩ መሳሳት ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከከተማይቱ በስተምዕራብ ያሉት ደጋዎች ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በአየር ውስጥ ባለው ኦክሲጅን ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል። በሞምባሳ ጠረፍ 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው ተራ ሞተር ናይሮቢ ሲደርስ 85 ያህል ብቻ ይቀረዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 80 ያህል ዝቅ ይላል። ዳገት ሲወጡ መኪና እንደሚከብዳቸው የሚናገሩ የደጋ አገር ሹፌሮች የዚህን ነገር ውጤት በየቀኑ ያዩታል።

የዚህ ችግር መድኃኒት ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ነው። መሣሪያውን ያሰበው አልፍሬድ ቡኺ የተባለው የስዊስ መሐንዲስ ሲሆን፣ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በ1905 ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ከሞተሩ በግፊት የሚወጣው ትኩስ ጢስ አንዲት ባለ ክንፍ ተሽከርካሪ ያዞራል። በዚያው ዘንግ በሌላው ጫፍ የተተከለችው ሁለተኛዋ ተሽከርካሪ ንጹሕ አየር ስባና አምቃ ወደ ሲሊንደሩ ታስገባለች። በዚህ መንገድ በከንቱ ይባክን የነበረው ጢስ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የአውሮፕላን ሞተር ፓይክስ ፒክ ወደሚባለው፣ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ወዳለው ተራራ አውጥቶ ቱርቦ በስስ አየር ውስጥ ያለውን ጥቅም አስመሰከረ። መሣሪያው ለሕዝብ በሚሸጡ የቤት መኪናዎች ላይ የታየው ግን በ1962 በአሜሪካ ነው። በሳፋሪም ባለ ቱርቦዋ ቶዮታ ሴሊካ በ1984፣ በ1985ና በ1986 በተከታታይ አሸነፈች። ጆጊንደር ሲንግ ግን ሦስቱንም ድሎች ያገኘው ያለ ቱርቦ ነው።

ዛሬ በናይሮቢም ሆነ በሌሎች ከተሞች በየቀኑ በሚነዷት መኪና ላይ ቱርቦ ገዝተው በገዛ እጃቸው መግጠም የሚሹ ወጣቶች አሉ። ዕቃውን በቡሎን ማሰር እምብዛም አይከብድም፤ ከባዱ ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ታምቆ የገባው አየር በሲሊንደሩ ውስጥ ግፊትንና ሙቀትን ስለሚጨምር፣ ለዚያ ያልተሠራ ሞተር ነዳጁ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ይንኳኳል፤ ፒስተኑ ሊበሳ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሊቃጠል ይችላል። ለበዛው አየር የሚመጥን ነዳጅ መቅረብ አለበት፤ የካንዴላው እሳት የሚነሣበት ጊዜም እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ስለሚችል ንጹሕ ዘይት ለአፍታ ቢጓደልበት ይቃጠላል። በመጨረሻም ፍሪሲዮኑ የተጨመረውን ጉልበት መሸከም፣ ፍሬኑም የተጨመረውን ፍጥነት ማቆም መቻል አለባቸው። ባጭሩ፣ ቱርቦ ከመግጠም በፊት መኪናዋን ከራዲያተር እስከ ጎማ ማወቅና ማጠንከር ያስፈልጋል። በጆጊንደር ዘመን የሳፋሪ መኪና የሚዘጋጅበት ሕግም ይኸው ነበር፤ ጥንካሬ ይቀድማል፣ ጉልበት ይከተላል።

የጆጊንደርን ሙያ ከዋንጫዎቹ ይበልጥ የሚያሳየው አንድ ሌላ ቁጥር ነው። በሳፋሪ 22 ጊዜ ተነሥቶ 19 ጊዜ እስከ መጨረሻው ደርሷል። ከተነሡት መኪናዎች አብዛኞቹ በየመንገዱ በሚቀሩበት ውድድር እንዲህ ያለ ውጤት በዕድል አይገኝም። መንገዱን በሚያውቅ ዓይን፣ የሞተሩን ድምፅ በሚያዳምጥ ጆሮና የላላውን ቡሎን በማያልፍ እጅ የተገኘ ነው። አገሩ ኬንያም በ1970ና በ1976 የዓመቱ የሞተር ስፖርት ሰው ብላ መርጣዋለች።

ጆጊንደር ሲንግ ከውድድር ከተለየ በኋላም ስሙ ከሳፋሪ ጋር ሳይለይ ኖሯል። በመጨረሻም ኦክቶበር 20 ቀን 2013 በሰማንያ አንድ ዓመቱ በለንደን ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ሳፋሪ ከ2003 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ከዓለም ሻምፒዮና ውድድሮች ውጭ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2021 ሲመለስ፣ ከዓለም ዙሪያ የመጡት አሽከርካሪዎች የተፈተኑት በዚያው በኬንያ አቧራና ጭቃ ነው። መኪናዎቹ ተለውጠዋል፤ በሞተሮቹ ላይ ቱርቦ ተገጥሟል፤ ድንጋዩ ግን ያው ድንጋይ ነው።

ሙያ በልብ ነው እንደሚባለው፣ የጆጊንደር ሲንግ ሀብት ከሌላው የበለጠ መኪና ሳይሆን ያለችውን መኪና ከሌላው ይበልጥ ማወቁ ነበር። የእጅ ሥራን የሚንቅ ሰው መኪናው ስትቆም አብሯት ይቆማል። የሥራውን ሥር መሠረት ከታች ጀምሮ የተማረ ሰው ግን በአሮጌ መሣሪያም ቢሆን ሩቅ መንገድ ይሄዳል፤ ከሄደበትም ይደርሳል።